የእትዬ ብርቄ መቁረጫ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረምና እሁድ እሁድ ስብከት ላይ የጥቅስ ቁጥር ለመያዝ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንቴ ከሰፈሬ አልፌ ወርጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ስለተናደድኩ ነው። ንዴቱ ሳምንት አለፈው፤ ሊበርድልኝ አልቻለም።

ባለፈው ቅዳሜ ለቡ መብራት ኃይል አጠገብ ባዛር ነበር። ለእህቴ ልጅ ጫማ ልገዛ ገባሁ። ጫማውን በእጄ ይዤ ሳገላብጥ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ጠረጴዛው ላይ ከጥይት ቀለሃ የተሠሩ የናስ የአንገት ጌጦች ተደርድረዋል። አጠገባቸው አንድ በመሐሉ የተበሳ እንጨት ተቀምጧል። እንጨቱን አወቅኩት። ከኋላው የቆመውንም ሰውዬ አወቅኩት።

«ሁሉም እንዴት እንዲህ እኩል ሆነ?» አለችው አንዲት ወጣት፣ ጌጡን አንገቷ ላይ እየሞከረች።

«ይሄን መቁረጫ የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አላት እንጨቱን እየመታ። «ማሽን የለ፣ መብራት የለ። ድሮ አንዲት ሴትዮ ናሱን እየሰረቀች እያሳጠረች አስቸግራን ነበር፤ እሷን ካባረርናት ወዲህ ይኸው እንደምታይው ነው።»

ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እኔ ጫማውን አስቀምጬ ወጣሁ። ዞር ብሎ አይቶኝ ነበር፤ አላወቀኝም።

ጋሽ ፍሬው ነው የምንለው። ያኔ እንደ ሁላችንም አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አንቱ ብዬ ልጽፍ ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ።

እሱ ጋ ስቀጠር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ገጠር አክስቴ ጋ ላፍቶ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሥራ ቤቱ ግቢ ውስጥ የተሠራ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ከጀርባው ያኔ ገና ቤት ያልተሠራበት ማሳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ እስከምንቀመጥበት ድረስ ይመጣል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን የሰው ወሬ የራሳችንን ሳል አንሰማም ነበር። ለእኔ ይሄ ጥሩ ነበር። መናገር አይጠበቅብኝም።

የተተኮሰበት የጥይት ቀለሃ ከክፍለ ሀገር በጆንያ ይመጣል። አንዱ አፉ የተቀደደ፣ አንዱ የተጨፈለቀ፣ አንዱ ጭቃ የጎረሰ ነው። አጥበን፣ የተበላሸውን አንገት ቆርጠን፣ ሞርደን፣ ቂጡን በስተን ለጌጥ እናደርሰዋለን። ሴቶች ነን ሁላችንም። የእኔ ድርሻ መሞረድና አፉን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። የናስ ብናኝ ከእጅ አይለቅም። ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት ሽሮውም ድንቹም ናስ ናስ ይላል። ዘይነባ የምትባል የስልጤ ልጅ፣ «እኛ ስንሞት እኮ ቆራሌው ነው የሚወስደን» እያለች ታስቀን ነበር።

የሚቆርጡት እትዬ ብርቄ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ነፋስ ስልክ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠሩ ስለነበር፣ ስለ ብረት እትዬ ብርቄ ከጋሽ ፍሬው ይበልጥ ያውቃሉ። መጀመሪያ የሚቆረጠው በዓይን ግምት ነበር። ጋሽ ፍሬው ከውጭ ስለሚያስመጣው ማሽን ጠዋት ማታ ያወራል፤ ማሽኑ አይመጣም። አንድ ሰኞ እትዬ ብርቄ በፌስታል የሆነ ነገር ይዘው መጡ። በመሐሉ የተበሳ ወፍራም እንጨት ነው። ቀለሃው ቂጡን ወደ ታች አድርጎ ቀዳዳው ውስጥ ይቆማል። እንጨቱ ላይ ከውሃ ቱቦ ቁራጭ የተሠራ የብረት ቀለበት በሁለት ቡሎን ታስሯል። ከቀለበቱ በላይ ብቅ የሚለው አንገት ትርፍ ነው። ሴጌቶውን፣ ማለትም የብረት መጋዙን፣ ቀለበቱ ላይ አስተኝቶ መግፋት ብቻ ነው። ከጎን ያለች ሌላ ቡሎን ቀለሃው እንዳይሽከረከር ትይዘዋለች። አለቀ። ከጋራዥ ከተጣለ ነገር የተሠራ ነው። ያን ቀን የቆረጡትን አንድ ላይ ስናቆማቸው እንደ ወታደር እኩል ቆሙ። ዘይነባ እልል አለች። እኔ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ሞርጄ ለመለኪያ እንዲሆነኝ ከፊቴ ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

ጋሽ ፍሬው ግን ወር ሳይሞላ በምላጭ ማማረር ጀመረ። መጋዙ የብረቱን ቀለበት ሲነካ ምላጩ ቶሎ ይዶለዱማል። ስለዚህ ቀለበቱን ፈትቶ ከትልቅ ቀለሃ በተቆረጠ የናስ ቀለበት ቀየረው።

«ጋሽ ፍሬው፣ ናስ ለስላሳ ነው፤ መጋዙ ይበላዋል» አሉት እትዬ ብርቄ።

«እርስዎ ይቁረጡ እትዬ፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉት» አላቸው።

በሥራ ቤቱ አንድ ልማድ ነበር። ጠዋት የመጀመሪያው ቀለሃ ሲቆረጥ ትናንት መጨረሻ ከተቆረጠው ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። እኩል ከሆኑ ሥራ ይቀጥላል። ሁልጊዜም እኩል ናቸው። መጋዙ በአንድ ሌሊት ምን ይበላል? በቀን የሚበላው ከፀጉር የቀጠነ ነው። ቀለበቱ ግን ከቀን ቀን ዝቅ እያለ ነበር፤ ቀለሃውም አብሮ እያጠረ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ምስማሬ ላይ የተሰቀለው ቀለሃ አልተለወጠም። ነሐሴ ላይ ልዩነቱ የስንዴ ቅንጣት አክሎ ነበር። ልናገር አሰብኩ። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገም ነገ እላለሁ አልኩ። ማን ነኝ ብዬ? የትናንት ተቀጣሪ፣ አማርኛዬ ላይ ገና የሚሳቅብኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ዕቃው ተመለሰ። ጌጡ ሲሰካ የድሮውና አዲሱ ተቀላቅሎ ደረጃ መስሎ ነበር። ገዢው አልቀበልም ብሏል። ጋሽ ፍሬው ካርቶኑን መሐላችን ዘረገፈው። ከዚያም ጣቱን ወደ እትዬ ብርቄ ቀሰረ።

«አንቺ ነሽ!» አላቸው። እትዬና እርስዎ ይል የነበረ ሰው፣ በአንድ ጊዜ አንቺ። «እያሳጠርሽ ቁራጩን ለቆራሌ ስትሸጪ ከረምሽ!»

«እኔ?» አሉ እትዬ ብርቄ። ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም። «ቀለበቱን እየው። ተበልቷል ብዬህ አልነበረም?»

«ቀለበቱ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት ስናመሳክር አይለይም ነበር? የትናንቱም የዛሬውም እኩል ነው! ቀለበት ይሰርቃል እንዴ?»

ቦርሳቸውን ነጠቃቸው። ፊታችን ዘረገፈው። ምሳ ዕቃ፣ ነጠላ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ቁልፎች። ናስ የለም። «ሸጠሽው ጨርሰሻላ» አለ። ቁራጩ የሚጠራቀምበት ጣሳ እሱ ቢሮ ነው የሚገባው፤ ለቆራሌ የሚሸጠውም እሱ ራሱ ነው። ትርፉ ናስ የገዛ ራሱ ጣሳ ውስጥ ሲገባ ከርሟል። ይህን ዛሬ ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ከመሬት አንስተው አራገፉ። ከዚያ አንድ በአንድ አዩን። «ቆራጭ እኔ ነኝ፤ ግን በሁላችሁም እጅ ያልፋል። ያየ የለም?» አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ቆየ። ምስማሩ ላይ የሰቀልኩትን ያን ጊዜ አውርጄ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ጨብጬው ነበር። ከላቤ የተነሳ ሊያመልጠኝ ደርሷል። እጄን ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መሬት መሬት አየሁ። የእትዬ ብርቄ ጫማ ወደ በሩ ሲሄድ ነው ያየሁት።

በማግስቱ ሌላ ሰው ሳይመጣ የጋሽ ፍሬው ቢሮ ገብቼ ቀለሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «የብረቱ ቀለበት ጊዜ የተቆረጠ ነው» አልኩ። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አቆመው።

«ሌላ ማን አይቷል?»

«ማንም።»

«ጎሽ» አለ። ቀለሃውን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈ። «ከዛሬ ጀምሮ መቁረጫው ላይ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

«እትዬ ብርቄስ?» አልኩ። ድምፄ መውጣቱንም እንጃ።

«እሱ አለቀ። ተሳስቼ ነበር ብዬ ብመለስ ነገ ማን ይሰማኛል? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

በዚያው ቀን የብረቱን ቀለበት ራሱ መልሶ አሰረው። ለሴቶቹ «አዲስ ዘዴ አገኘሁ» አላቸው። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ሞረዷን አስቀምጣ አየችኝ፤ «ወይ ታዴ! ወንበሩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ከእኔ ጋር አልበላችም። እውነቷን ነው። ስምንት ወር በእትዬ ብርቄ ወንበር ተቀምጬ፣ እትዬ ብርቄ በሠሩት መቁረጫ ቆረጥኩ። በጋሽ ፍሬው ስናደድ ይህ ደግሞ አብሮ ይመጣል፤ የትኛው እንደሚብስ መለየት አልችልም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ እሁድ ከጸሎት ስወጣ፣ ነፋስ ስልክ እትዬ ብርቄ የሚኖሩበትን ግቢ ጠይቄ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ሰፈር ደርሶ ኖሯል። የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ዘጠኝ ዓመት እሳቸው ጋ ነበር። ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ድንኳኑን ቆጥረው የሚያወጡና የሚያስገቡ እሳቸው ነበሩ። የዕድሩ ሰዎች «ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዘው» ብለው ቁልፉን ተቀብለዋቸዋል። ይህን የነገረችኝ በር የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ እያለቀሰች።

እትዬ ብርቄ ግን ሻይ በዳቦ ሰጡኝ። ዳቦው ትኩስ ነበር፤ አንዴ ቆርሼ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስማሩን፣ የሽርጤን ኪስ፣ መሳቢያውን፣ ወንበሩን። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር። «ዳቦሽን ጨርሺ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ግቢው ፈርሶ ሰዎቹ ወዴት ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አጣሁ። ዘይነባም አረብ አገር ገብታለች አሉ። የዕድሩ ሰዎች ተበትነዋል። ዓይን አፋር ነኝ እያልኩ ራሴን ሳባብል ዓመታት አለፉ፤ ባዛር ላይም እንደገና ዝም ብዬ ወጣሁ። ዓይን አፋርነት ለእኔ ጠባይ ነው፤ ለእትዬ ብርቄ ግን የስማቸው ዋጋ ነበር። ስለዚህ ለማን እንደሚደርስ ባላውቅም እጽፈዋለሁ፤ እትዬ ብርቄ አንዲት ቁራጭ ናስ አልወሰዱም፤ መቁረጫውንም የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ያን እሁድ እስከ ግቢው በር ሸኝተውኝ ነበር። መዝጊያውን ይዘው ቆሙና እንዲህ አሉኝ፦

«እኔማ አለመስረቄን አውቃለሁ፤ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ ልጄ? ሄደሽ ለእነሱ ንገሪ።»