የመሪጌታ ጥላሸት

ፍኖተ ሰላም ላይ የአምስት ቀን የናኖቴክኖሎጂ ሥልጠና ገብተን ነበር። ከሰል አልሞ ውሃ ውስጥ ሳይዘቅጥ ማቆየት ያልቻለ መሐንዲስ ሰርተፍኬት የለውም ተባልን። የእኔው ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ጠላ አተላ ሥር ቁጭ!

በአራተኛው ቀን ቡሬ ያሉት አጎቴ መሪጌታ ለብራና ጽሑፍ ከጥላሸት የሠሩትን ቀለም በብልቃጤ አድርጌ የራሴ ሥራ አስመስዬ ይዤ ገባሁ። አሠልጣኛችን ዶክተሩ በመሣሪያ ለኩትና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«እንዴት ሠራኸው?»

«አጎቴ ናቸው…» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዶክተሩ ግን ሳይስቁ የአጎቴን ሰፈር ጠየቁኝ።

በማግስቱ ለሰርተፍኬት ብንሰበሰብ ዶክተሩ የሉም። ስደውልላቸው ስልካቸውን አጎቴ አነሡት።

«ተማሪዬ ጥላሸት እየወቀጠ ነው። ስድስት ወር ይፈጃል ብዬዋለሁ፤ አትጠብቁት!»