ማንም ያልቀመሰው ጎድን

ዓቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ሲገጥሙ ድሬዳዋ ውስጥ ቀን የሚበላ ሰው በባትሪ ተፈልጎ አይገኝም። ጎረቤቴ በዚያ ሰሞን ነው፣ “ለኢፍጣር የፍየል ጎድን ጥበስልኝ” ብሎ የጠራኝ። ሴት ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከጀልዴሳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በጎድን ጥብስ በሰፈራችን በሳቢያን ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። ሳቢያን ብቻም አይደል፤ ነፋሱ ከቀናኝ ጅቡቲ ድረስ ምራቅ አስውጣለሁ።

ሌላ ጊዜ የምትሠራው ሚስቱ ነበረች። በዋዜማው ግን ለእንግዶቹ መጋረጃ ልትገዛ ታይዋን ገበያ ሄዳ፣ ከባጃጅ ስትወርድ ሽቲ ቀሚሷ ተጠልፎ በጎኗ ወደቀች። አንድ የጎድን አጥንቷ ተሰነጠቀ። እኔ ግቢው ውስጥ ከሰል ሳቀጣጥል እሷ በሩ ሥር ፍራሽ ላይ ተጋድማ እንደ ጄኔራል ታዛለች።

“ጀሶ እንኳ አላሰረችልኝም! ይቺም ሐኪም ናት?”

“ደረትሽ በጀሶ ከታሰረ ሳንባሽ በየት በኩል ይተንፍስ?” አለ ባሏ። “አጥንቱ በራሱ ይገጥማል፤ ኪኒኑን ውጪና በረጅሙ ተንፍሺ ነው ያለችሽ።”

“ጾሜን አላፈርስም።”

ጭንቁ ይሄ ነበር። ሕመሙን ፈርታ እንደ ድንቢጥ ቁርጥ ቁርጥ እያለች ነው የምትተነፍሰው። ሐኪሟ ደግሞ፣ “እንዲህ ከቀጠልሽ ሳንባሽ ይታመማል” ብላታለች። ባሏ፣ “ለታመመ ተፈቅዷል፣ በኋላ ታካክሺዋለሽ” እያለ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች።

“አቦ፣ ከኔ ጎድን አንዱን ውሰጂ” አልኳት።

“አንተማ ወንድ ነህ፤ አንዱ ለሔዋን ሄዶብሃል።”

“ጠይቄያለሁ! ወንድም ሴትም በየጎናችን አሥራ ሁለት ነው። ይሄ ፍየል እንኳ አሥራ ሦስት አለው፤ በልጦናል።”

“ለዚህ ነዋ አንተን ማንም የማይጠብስህ!” ብላ ሳቀች። ወዲያው ጎኗን ይዛ፣ “ወላሂ ዳግመኛ ካሳቅኸኝ ተነሥቼ እመታሃለሁ!” አለች። ዓይኗን ግን እንባ ሞልቶት ነበር፤ የሳቅ እንባ አልነበረም።

ጎድኑን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀስ ብዬ ቀቀልኩት። ሥጋው ከአጥንቱ ሊላቀቅ ሲል አወጣሁና ከሰሉ ላይ ደረደርኩት። ስቡ እሳቱ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር የሚነሣው ሽታ የሞተ ፍየል ያስነሣል! ያኔ ነው ጉድ የፈላው።

“ጨው ልኩ ነው?” ስትል ጠየቀች።

ከባሏ ጋር ተያየን። ፍየሉን ያረደው እሱ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የእሱን እርድ አልበላም፤ እሱም የእኔን አይበላም። በዚህ ነገር ስንኖር ስንኖር ተጣልተን አናውቅም። በዚያ ላይ እኔም ጾመኛ፣ እሱም ጾመኛ፣ ልጅቷም ጾመኛ፣ መንደሩ በሙሉ ጾመኛ!

“ወሪያ፣ አንተ ጨው በዓይንህ ለክተህ ትጨምር የለ እንዴ?” ብሎ በሹክሹክታ ጀመረ ባሏ። እግሩን ረገጥኩት። አሁን ገባው መሰለኝ ወደ ከሰሉ ጎንበስ አለ።

“እህቴ፣ እኔስ ጨው ገና ጣል አላደረግሁበትም” አልኩ ድምፄን አሳዝኜ። “በግምት እጨምራለሁ፤ ካነሰም ይነስ። የጀልዴሳ ሰው ጨዋ ነው፣ በልቶ ዝም ይላል። ሐሜቱ ቢመጣ ከሠርጉ በኋላ ነው።”

“በልጄ ድግስ!”

“ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ቤት እንዲበላ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው።”

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ባሏን አየች፤ እሱ ከሰሉን የሚቆጥር መስሏል። ከሽቲዋ ኪስ ኪኒኑን አወጣችና፣ “ውሃ አምጡ” አለች።

ዋጠችው። አንዱን ጎድን ሰጠኋት። ስታኝክ እንደዚያ ቀን የፈራሁት ዳኛ የለም።

“ውሃ ውሃ ይላል! ምንም ጨው የለውም! እናንተ ሰዎች ልታዋርዱኝ ነው!”

በየትኛው ትንፋሽ እንደጮኸች አላውቅም፤ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ጨው ጨመርኩ፣ ሌላ ሰጠኋት። “አሁንም ይቀራል” አለች። ሦስተኛው ላይ “ደህና ነው” ብላ አራተኛውን ራሷ አነሣች።

“እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?” አለ ባሏ።

“ለማረጋገጥ።”

ኪኒኑ ሲይዝላት ትራሱን ደገፍ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ደገመችው። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጭሱ ነው አለኝ። አዛን ሊል ሲቃረብ እንግዶቹ በሩን አንኳኩ። እሷም አጥንቶቹን ትራሷ ሥር እየደበቀች፣ “ጎድኑ ለምን ጎደለ ካሉ፣ ወንድ ፍየል ስለሆነ ነው በላቸው” አለችኝ።