ቅቤና አረፋ

አስካለች ሶዶ ውስጥ ባለ ላቦራቶሪ መንታ የሚመስሉ ድንጋዮችን ትለያለች። ፌልድስፓርና ኳርትዝ ተፈጭተው ሲደባለቁ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ዓይን አይለያቸውም። እሷ ዱቄቱን አረፋ በሚያወጣ ማሽን ውስጥ በውሃ ትበጠብጥና ፌልድስፓሩ ላይ ብቻ የሚጣበቅ ኬሚካል ጨምራ አየር ትለቅበታለች። ኬሚካሉ የያዘው ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ኳርትዙ ከታች ይቀራል።

የገዛ መንታዋ እልፍነሽ አምና በወሊድ ሞታለች። እናታቸውን ከተበላ ከተማ አምጥታ የምታስታምመው አስካለች ናት። የእናትየው አእምሮ ከድቷታል። ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል "እልፍነሼ፣ ነይ" ብላ የአስካለችን ጸጉር ቅቤ ቀባች። አስካለች አላረመቻትም። ምን ብላ ታርማት?

በማግስቱ ሥራ ላይ ክፍሉ ሲሞቅ ቅቤው ከሻሿ ሥር ቀልጦ ማሽኑ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። አረፋው ወዲያው ከሰመ፤ ሁለቱም ዱቄቶች አብረው ሰመጡ። ኃላፊዋ ዶክተር ትግሉ ጮኸባት።

"ይሄ ላቦራቶሪ ነው ቅቤ ተራ? ሂጂ ታጠቢ!"

ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ጸጉሯን በሳሙና ፈተገችው።

ቤት ስትገባ እናቷ እንደ ልማዷ የአስካለችን ጭንቅላት ወደ ራሷ ስባ አሸተተች። ከዚያ ገፋ አደረገቻት።

"ልጄን ትናንት በእጄ ቅቤ ቀብቻታለሁ። አንቺ ማነሽ?"

"አስካለች ነኝ፣ እማዬ።"

"በሞተ ሰው አትቀልጂ" አለች እናቷ። "አስካለችን አምና ቀብረናታል።"