ለብቸና ሴቶች መደማመጥን ላስተምር

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ የባልትና አስተማሪ ሆኜ ብቸና ተመደብሁ። አንድ ቀን የወረዳው ሹም አስጠርቶ፣ «የእመቤታችን ማኅበርተኞችን ሰብስበሽ በሰላም መነጋገርን አስተምሪያቸው» አለኝ። ትምህርቱን የከፈተው ራሱ ነው፤ ዝግ ብሎ ስለ መናገር አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙት። ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።

ከመካከላቸው አንዷ ባሏን አንድ የሞጣ ሰው ገድሎባታል። ገዳዩ ሸፍቶ በረሃ ስለ ገባ፣ የሟቹ ወንድሞች የገዳዩን ታናሽ ወንድም ሊገድሉ ያደቡ ነበር። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፤ ሦስት ሙክት ከበሉ በኋላ ማን ቀድሞ ይናገር በሚል ተኳርፈው ተነሡ።

የማኅበሩ መሪ፣ አንዲት አሮጊት፣ ሴቶቹን ይዘው ወደ ሞጣ ሊሄዱ ተነሡ።

«የማስተማሪያ ደብተሬን ይዤ ልምጣና አነጋገሩን ላሳይዎት» አልኋቸው።

«ያዥው ልጄ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመጣ ይሆንሻል።»

ሞጣ ስንደርስ አሮጊቷ የገዳዩን እናትና የሟቹን ሚስት ፊት ለፊት አስቀመጡ። «መልስ ከመስጠትሽ በፊት እሷ ያለችውን ድገሚ። በትክክል ካልደገምሽ ተራ የለሽም» አሉ ለእያንዳንዳቸው።

ሚስቲቱ፣ «ልጆቼ አባታችን መቼ ይመጣል ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም» አለች።

እናትየዋ ልትደግም ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠችው። በሦስተኛው ሙከራ ጨረሰችው። ከዚያ፣ «ታላቁን እንደ ሞተ ቆጥሬዋለሁ፤ ታናሹ ግን እጁ ንጹሕ ነው፣ ተዪልኝ» አለች። ሚስቲቱም እያለቀሰች ደገመችው። ይህ ሰምቶ የመድገም ዘዴ ደብተሬ ውስጥም ነበር፤ ተማሪ ሳለሁ ሳይገባኝ የገለበጥሁት።

ሚስቲቱ ብቸና ተመልሳ ለባሏ ወንድሞች፣ «ልጁን ብትነኩት ልጆቼን ይዤ ከእናቱ ቤት እገባለሁ» አለቻቸው። እሷ ከገዳዩ እናት ቤት ብትገባ አገሩ የሚለውን ፈሩና እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹም አራተኛውን ሙክት በልተው አስታረቅን አሉ።

ሹሙ፣ እርቁ የወረደው በእሱ ብልህ አመራርና በሽማግሌዎቹ ጥበብ መሆኑን ጽፌ እንዳመጣ አዘዘኝ። ጻፍሁ። አፍሬ ለአሮጊቷ ስናዘዝ ግን አልተቆጡም።

«ደግ አድርገሻል» አሉኝ። «የሴት ሥራ መሆኑን ቢያምኑ ለክብራቸው ሲሉ ያፈርሱት ነበር።»

በዓመቱ ሹሙ በዚያች ወረቀት ዕድገት አገኘ። የሞጣው ታናሽ ወንድም አግብቶ ወለደ።