ኢዳ የተቀመጠው መኪና

አልዩ አምባ ውስጥ «የፈረጅ መኪና እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጎማና መሪ ያለውን ማለቱ አይደለም። እንዲያ ያለው መኪና ከጎረቤላ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት በበጋም እየፈራ ነው የሚወርደው፤ ክረምት ከገባማ ጭራሽ አይታሰብም። የፈረጅ መኪና የልብስ ስፌት መኪናው ነው። ጥቁር፣ ባለ እግር፣ የተሳለበት ወርቃማ አበባ በእጅ ብዛት የተፋቀ። ደጃፉ ላይ ሲንጣጣ አህያ የሚነዱ ነጋዴዎች ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ድምፁን ሰምተው መንደሩ መድረሳቸውን ያውቁ ነበር።

ፈረጅ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ ሞተ። ትኩሳት ነው ተባለ። ሚስቱ ኡሙሀኒ ኢዳ ተቀመጠች፤ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ የምትቆይበት ነው። ለቅሶ ደራሹ ሲመናመን ምንጣፉን ጠቀለለች፣ መኪናውን ከደጃፍ ወደ ውስጥ ሳበች፣ ፈረጅ ጀምሮ የተወውን የሰው ኮት እጅጌ መስፋት ቀጠለች። ሥራው አዲስ አልሆነባትም። የፈረጅ ዓይን ከደከመ ወዲህ ክር የምታስገባውም፣ ጠርዝ የምትዘመዝመውም እሷ ነበረች።

አብራት የምትውለው ጎረቤቷ ሰሊሃ፣ ያገሩን ሐዘን ሁሉ ያየች አሮጊት፣ ይህን አልወደደችውም።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ትንሽ እንኳ ብታለቅሺ?»

«ስፌቱ ይጣመምብኛል።»

መመጻደቋ አልነበረም። የደነዘዘ እግር ቦታው ላይ አለ፣ ግን የራስ አይመስልም፤ መላ ሰውነቷ እንዲያ ሆኖባት ነበር። ወጡ ጨው ይነሰው ይብዛው የምትነግራት ሰሊሃ ናት። ከመኪናው መርገጫ ላይ ስትሆን ብቻ እግሯ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ ገብረአማኑኤል በቅሎ እየሳበ ከጎረቤላ ወረደ። እሱና ፈረጅ ደብረ ብርሃን ባንድ ሱቅ፣ ባንድ ጌታ ሥር ነው ስፌት የተማሩት። አሁን ገብረአማኑኤል የጎረቤላ ልብስ ሰፊዎች ማህበር ሊቀመንበር ሆኗል። ሴትዮዋ ኢዳ ላይ መሆኗን ስለሚያውቅ አልገባም፤ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰሊሃ መድረኩ ላይ በመሀላቸው ሆነች።

«እግዜር ያጥናሽ።»

«አሚን።»

«እንግዲህ ኡሙሀኒ፣ ማህበሩ ጄኔሬተር አስመጥቷል። መብራት ብትዪ መብራት፣ መኪናው ብትዪ ገና እግርሽን ስታስጠጊው ብቻውን የሚጋልብ! ክሩም ቁልፉም ከደብረ ብርሃን ይመጣል። የየቤቱ መኪና ለማህበሩ ይገባል፣ ባለሙያውም እዚያው ይሠራል። ትእዛዝ ነው። የራሴን መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ናፍጣው ሲያልቅስ?»

«ይመጣላ።»

«ዝናቡ መንገዱን ከዘጋው?»

«አንቺ ደግሞ! መንግሥት ባለበት አገር ናፍጣ ያልቃል?»

«ጨው አልቆብን የለም እንዴ፣ አንተ ገብሬ!» አለች ሰሊሃ።

ኡሙሀኒ እጅጌውን ገለበጠች። «እኔ ከዚህ በር አልወጣም፣ አያ ገብሬ። ኢዳ ላይ ነኝ። መኪናው ከሄደ ምን ልበላ ነው? እጄንስ የት ላድርገው?»

«አንቺማ ተቀመጪ፣ ማን ይነካሻል። መኪናው ግን ኢዳ የለበትም።»

«አለበት እንጂ» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። «የሱም ባል ሞቷል።»

ሰሊሃ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ገብረአማኑኤል ሊስቅ ብሎ ተወው። ፈረጅ ዝናብ ሲመጣ የራሱን ጋቢ አውልቆ መኪናውን የሚያለብስ ሰው እንደነበር ሳያስታውስ አልቀረም። አንገቱን አከከና ተነሣ።

«ኢዳው ሲወጣ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ግን ሌላ ቃል የለም።»

በቅሎዋ ባዶዋን ዳገቱን ወጣች። ስብሰባ ላይ የፈረጅ መኪና የታለ ሲሉት «ሐዘን ላይ ነው» አለ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ግን ቃሉን አልለወጠም።

መስከረም ላይ ጄኔሬተሩ ቆመ። መጀመሪያ ናፍጣ ነው ተባለ። ናፍጣው ሲመጣ ደግሞ አንድ ዕቃ ተሰብሯል፣ ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ደብረ ብርሃን ነው፣ ሰውየው ሌላ ቦታ ተልኳል ተባለ። አዲሶቹ መኪናዎች መርገጫ የላቸውም፤ መብራት ከሌለ ብረት ናቸው። ከየቤቱ የተሰበሰቡት ባለ እግሮች በተገኙ ደግ ነበር፤ እነሱ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራሉ ተብሎ አስቀድመው ወደ ደብረ ብርሃን ተጭነዋል። የሰው ልብስ ተቆርጦ ሳይሰፋ መጋዘን ተቆለፈበት።

ስለዚህ ሰው ቁልቁለቱን ይወርድ ጀመር። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቀሚስ ጨርቅ፣ ያለቀ ካፖርት ይዞ ከኡሙሀኒ በር ይቆማል። ሰሊሃ ትቀበላለች፣ ኡሙሀኒ ትሰፋለች። መዘውሩን የሚያዞረው ጠፍር ሲበጠስ ከሰሊሃ የፍየል ቆዳ ቀጭን ጠፍር ቀደዱለትና በሽቦ ገጠሙት። የማሽን ዘይት ሲያልቅ መኪናውን በላምባ አጠበችው። የኑግ ዘይት እንዳትሞክር ፈረጅ ነግሯታል፤ ይደርቅና ይጣበቃል። መርፌው ሲዶለዱም ድንጋይ ላይ ሳለችው። ያላት መላ እስከዚያ ነው። መርፌ አልዩ አምባ አይገኝም። ፈረጅ ሰም ላይ ሰክቶ በቆርቆሮ ያስቀመጣቸው እያነሱ ሄደዋል፤ ካለቁ አለቀ።

«ቀድመሽ አውቀሽው ነበር እኮ!» ይሏታል ልብስ የሚያመጡት።

«ምኑን አውቄ። ናፍጣ ያልቃል አልኩ እንጂ።»

ደስ አላላትም። አልከፋትምም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ኢዳዋ ወጣ። ታጠበች፣ ልብስ ለወጠች። ሰሊሃ «ውጪና ገበያውን እዪው» ብትላት እስከ መድረኩ ሄደች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ ተመለሰች። ከዚያ መኪናውን እየጎተተች ፈረጅ ያቆመው ከነበረበት ደጃፍ አወጣችው። የእግሮቹ ምልክት መሬቱ ላይ ገና አልጠፋም ነበር፤ እዚያው ገጠመችው።

ገና አንድ ጠርዝ ሳትጨርስ የገብረአማኑኤል በቅሎ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ኮርቻ የላትም፣ የጭነት ገመድ ብቻ። ኡሙሀኒ አየቻት። ልቧ ምንም አላላትም፤ እጇ ግን ቆመ።

ሰውየው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ወጣ ኢዳሽ?»

«ወጣ።»

«እንኳን ለዚህ አበቃሽ።»

ገመዱን አልፈታም። ከጋቢው ሥር ሱሪ አወጣ፣ ከመቀመጫው የተተረተረ።

«ጓድ ሊቀመንበር!» አለች ሰሊሃ። «ጄኔሬተርህ ሱሪ አይሰፋም?»

«ተዪኝ እባክሽ ሰሊሃ። የኔም መኪና ደብረ ብርሃን ገባ። የት መጋዘን እንዳለ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ።»

ኡሙሀኒ ሱሪውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ተነሥታ በርጩማውን ለቀቀችለት።

«አንቱ ይስፉት።»

ገብረአማኑኤል ትንሽ አመነታ። ተቀመጠ። እግሩ መርገጫውን ሲነካ ወዲያው ልኩን አገኘው። ሱሪውን ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ እንደ መባነን አለ።

«ትእዛዙ ግን አልተሻረም፣ ኡሙሀኒ። መኪናው የታለ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ኢዳው አልወጣም ይበሏቸው።»

«እስከ መቼ?»

«ሌላ ባል እስኪያገባ።»

«ታዲያ አሁን ስትረግጠው የነበርከው አንተ ምኑ ነህ፣ አንተ ገብሬ!» ብላ ሰሊሃ ሳቋን ስትለቀው ዶሮዎቹ ተበተኑ። ገብረአማኑኤልም ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሱሪውን በጋቢው ሥር ሸጉጦ፣ ባዶ በቅሎውን እየሳበ፣ ዳገቱን እስኪጀምር ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኡሙሀኒ ምን ብላ እንዳሳቀቻቸው አልገባትም። በርጩማው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ያቋረጠችውን ጠርዝ ከመርፌው ሥር አስገባች። ጎንበስ ብላ የመርፌውን ጫፍ በጣቷ ነካችው፤ ገና አልዶለዶመም። መርገጫውን ረገጠችው።