የመጋዙ ነውር

ራሴ ያቃጠልሁትን የሞተር መጋዝ፣ እኔ እንዳቃጠልሁት የማያውቁ ሰዎች ለእኔው ሊሸጡልኝ አመጡት። ዋጋውንም አንተው ቁረጥ አሉኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ስንት ይባላል? በገዛ እጁ ለገደለው በሬ ዋጋ የሚከራከር ሰው አለ?

ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። ሠራተኛ ሲቀንሱ የምስጋና ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ፤ ድንቄም ምስጋና! ከዚያ ወዲህ ግሽ አባይ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና የሞተር መጋዝ እጠግናለሁ። ገቢዋ እፍኝ አትሞላም፤ ስሜ ግን ጥሩ ነው። አንድን ሞተር አለቀለት ካልሁ አለቀለት ነው፤ ሰው ሌላ ጋ ወስዶ አያስመረምርብኝም። የገደለኝም ይኼው ስም ነው።

ባለመጋዙ፣ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈራችን ከቤቴ ሁለት በር አልፎ የሚኖር ጎረቤቴ ነበር። አባቱ ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት ባንዱ ቅኔ ያስተማሩ የኔታ ናቸው፤ እሱ ግን ትምህርቱን ከመንገድ ትቶ እንጨት ቆራጭ ሆነ። ባህር ዛፍ የሸጠ ሁሉ እሱን ይጠራል፤ ሲቆርጥ ይውላል፣ ማታ ዱቄትና ዘይት ይዞ ይገባል። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን የሚያበላው ያ መጋዝ ነበር። ለማንም አያውስም። እኔ ስጠይቀው ግን ዐይኑን አላሸም። "ሞተር የምታውቅ አንተ፤ ላንተ ካልሆነ ለማን?" አለና አምጥቶ አስታቀፈኝ።

አንበሳሜ ከተማ ያለው የእናቴ ቤት ጣራ ዘሞ ነበርና ከጓሮዋ ባህር ዛፍ ቆርጬ ልደግፍላት ይዤው ሄድሁ። እንዲህ ያለ መጋዝ የሚጠጣው ቤንዚን ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ነው። ደረቁን ቤንዚን ካጠጣኸው ብረት ከብረት ተፋትጎ ውስጡ ይነዳል። ይኼን ያላወቀ ቢያጠፋ ይማር ይባላል፤ እኔ ግን እንጀራዬ ነው፣ ሳውቀው የኖርሁት ነገር ነው። ስምንት ዛፍ ቆረጥሁ። አንድ ሲቀረኝ ቅልቅሉ አለቀ፤ ዘይቱን ደግሞ ቤት ረስቼዋለሁ። ከሰዓት መንገድ ይዘጋል ተብሎ ወደ ባሕር ዳር የሚመልሰኝ የአይሱዙ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋብኛል። ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዛሁና ደረቁን ቀዳሁበት። አንድ ዛፍ ናት፣ ምን ትሆናለች አልሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ግማሹን ሳይቆርጥ ድምፁ ተለወጠ። ጮኸ፣ ከዚያ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ዛፉን በመጥረቢያ ጨረስሁት። ባሕር ዳር ስገባ መጋዙን አጥቤ፣ ሰንሰለቱን ሞርጄ፣ ትክክለኛውን ቅልቅል ሞላሁበት። አስነሣሁት፤ ይነሣል፤ ጉልበቱ እንደሄደ ግን እጄ ነግሮኛል። "እንዴት ሆነልህ?" አለኝ ስመልስለት። "ወርቅ ነው" አልሁት። ወርቅ! አፈር ያስበላኝ።

ሳምንት አልቆየም፤ እጁ ላይ ሞተ። ተሸክሞ ያመጣው ለማን መሰላችሁ? ለእኔ። ከፈትሁት፤ ፒስተኑ ተቧጥጧል፣ ሲሊንደሩ ድመት በጥፍሯ የጫረችው መስሏል። አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ያያል። "ቤንዚኑ ነው" አልሁ። "የዘንድሮ ቤንዚን ግማሹ ውሃ ነው።" ራሱን ነቀነቀ። መለዋወጫው እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ቢገኝም ዋጋው የማይቀመስ ነው አልሁት፤ ይኼስ እንኳ እውነት ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝሁት፤ ሆዴን ፈጀው።

መጋዙ ሲቀር እሱ ሸክም ገባ። ሲሚንቶ አወረደ፣ አሸዋ ጫነ። ጥቂት ወራት እንደሠራ እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ፊቱ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ አልቀዋል ተባለ። ሐኪሙ በሽታው ቀደም ብሎ የጀመረ ነው፣ ከሥራው አይደለም አለ። ይኼን ስሰማ ደስ አለኝ። የሰው ኩላሊት አለቀ ሲሉኝ ደስ ያለኝ ሰው ነኝ እኔ፤ ያን ዕለት ራሴን ተጸየፍሁት።

በሳምንት ሁለቴ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ደሙ በማሽን ይታጠባል። አንዱ እጥበት ሦስት ሺህ ብር ነው። እድሩ ሁለት ጊዜ አዋጣ፤ በሦስተኛው ሰው ዐይኑን መስበር ጀመረ። በማን ይፈረዳል? የሁሉም ቤት ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ ተሸጠ፣ የሚስቱ ቀለበት ተሸጠ። ቀጥሎ መጋዙ ተረኛ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ሚስቱ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ የሥራ ቦታዬ ድረስ ይዛው መጣች። በዕድሜ በጣም ታንሰኛለች፤ ጋሼ ነው የምትለኝ።

"ጋሼ፣ እሱ ነው የላከኝ። ሌላ ሰው ያታልለናል፣ እሳቸው ይግዙን ብሏል።"

"ስንት አላችሁ?" አልሁ።

"እኛ ምን እናውቃለን? እንደ ኅሊናዎ።"

እንደ ኅሊናዎ! ገበያ ላይ ይኼ ቃል የማባበያ ቃል ነው፤ ሻጭ ሊያሳፍርህ ሲፈልግ ይወረውራታል፣ አንተም "ኅሊናዬ ድኻ ነው" ብለህ ስቀህ ግማሹን ትጠራለህ። እሷ ግን የምሯን ነው። ሃምሳ ሺህ ብትለኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ተከራክሬ እገላገል ነበር። እሷ እጇን አጣምራ ቆማ የእኔን ኅሊና ትጠብቃለች።

ልየው ብዬ ፈታታሁት። ምኑን ነው የማየው? የማላውቀው ነገር ያለ ይመስል መነጽሬን አድርጌ፣ ባትሪ አብርቼ፣ እያገላበጥሁ "እህም" አልሁ። ካርቡሬተሩ ደኅና ነው፣ ሰንሰለቱ ደኅና ነው፣ እጀታው ደኅና ነው። ልቡ ግን የለም። ማታ መልስ እሰጥሻለሁ ብዬ ሸኘኋት።

በሬን ዘጋሁና በእግሬ ወደ ጣና ወረድሁ። ዳሩ ላይ እምቦጭ አረሙ ከደረቁ መሬት ጋር ተጋግሮ ይሸታል፤ ከማዶ እንጨት የጫነች ታንኳ ቀስ ብላ ትመጣለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ጋር ዋጋ ገባሁ። የተቃጠለ መጋዝ፣ ዕቃው ተነቅሎ እንዲሸጥ፣ ቢበዛ አምስት ሺህ ነው። ደኅና ቢሆን ሃያ ሺህ ነበር። እንግዲህ አምስቱ የመጋዙ ዋጋ ነው፣ አሥራ አምስቱ የእኔ ሥራ ነው። አምስት ሺህ ማለት ሁለት እጥበት አይሞላም፤ ሃያ ሺህ ማለት ሦስት ሳምንት መተንፈስ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላስ? ምንም የለም። ይኼ ምንም የለም የሚለው ነገር ደግሞ ያባብለኝ ጀመር፤ ብትሰጥም ባትሰጥም ያው ነው ይለኛል። ዛሬም የምፈራው ያንን የራሴን ድምፅ ነው።

ቤት ውስጥ ያለችኝ አሥራ ስድስት ሺህ ናት፤ የቤትና የሥራ ቦታ ኪራይ። ለመጋዙ ሃያ ሺህ ልከፍል አስቤያለሁ፣ የጎደለውን እበደራለሁ አልኋት ለባለቤቴ።

"ለሬሳ? ሃያ ሺህ?" አለች። "እርዳታ ነው ካልህ እርዳታ በለው፣ አዋጣለሁ። ግዢ ነው ካልህ ግን ያምሃል።"

እውነቷን ነው። ምክንያቱን ብነግራት ኖሮ እሷው ናት ሃያውንም አውጥታ የምታስረክበኝ፤ ዐውቃታለሁ። አልነገርኋትም። አንዴ ከአፌ ከወጣ ሹም አቦን ዞሮ ግሽ አባይ ይደርሳል፣ ከዚያ ማን ሞተሩን ያምነኛል? ስጨቃጨቅ ቆይቼ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ቆምሁ። ከመጋዙ ዋጋ በላይ፣ ከጥፋቴ በታች።

ገንዘቡን ስሰጣት በጣቷ አራት ቆጠረች። "አራት እጥበት" አለች፤ ዕንባዋ መጣ። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል በርግጌ ወደ ኋላ አልሁ። "ከክፉ ይሰውርዎ፣ ጋሼ" አለችኝ። አሜን የሚል አፍ አጣሁ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ሥራ ቦታዬ ተመልሳ መጣች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የብር ጥቅል አወጣች።

"ተቆጣኝ ጋሼ። 'ነውሩን ሳትናገሪ ሸጥሽው?' አለኝ።"

"የምን ነውር?"

ነውር ከብት ገበያ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በሬህ የሚዋጋ ከሆነ፣ እያረሰ የሚተኛ ከሆነ፣ ገዢው ሳይጠይቅህ ትናገራለህ። ነውር ደብቆ የሸጠ ሰው ከበሬው ይብሳል። ግን ብረት ነው እኮ ይኼ!

"ያቃጠልሁት እኔው ነኝ አለ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያን ሰሞን ሕመሙ ጀምሮት ራሱን ያዞረው ነበር። ዘይቱን ሳልቀላቅል ቀድቼ መሆን አለበት፣ መቀላቀሌ ትዝ አይለኝም ይላል። 'እሱማ የዚያን ዕለት ከፍቶ ሲያይ ገብቶታል፤ ቤንዚኑ ነው ያለኝ እንዳላፍር ብሎ ነው፤ ነውሬን ሸፈነልኝ' አለ። አሥራ ሁለት ሺህ የሰጡንም አዝነው ነው፣ ዋጋው አምስት ነው፣ ሰባቱን መልሺላቸው አለ። ነውር ሸሽጌ የሰው ገንዘብ በልቼ አልሞትም አለ።"

ለካ ይኼ ሰው እነዚያን ወራት ሁሉ፣ አሸዋ ሲጭን፣ ማሽኑ ላይ ተኝቶ ደሙ ሲዞር፣ የልጆቼን እንጀራ በገዛ እጄ አቃጠልሁ እያለ ነው የከረመው። ውሸቴንም ደግነት አድርጎ ተረጎመልኝ። ምነው በሰደበኝ! ምነው እሱ ነው የፈጀኝ ብሎ እድሩ ፊት ባቆመኝ!

"አይሆንም፣ ውሰጂው" አልሁ።

"ጋሼ፣ እምቢ ካሉ ምክንያቱን ጠይቂያቸው ብሎኛል።"

ምክንያቱ አጭር ናት። አይደለም፣ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። አምስት ቃል አትሞላም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ እውነት እላችኋለሁ ደርሳ ነበር። ሁለት ገበሬዎች ፓምፓቸውን እየጠበቁ በር ላይ ቆመዋል፤ ይሰማሉ። ነገ ቤቱ ገብቼ ለብቻው እነግረዋለሁ አልሁ በሆዴ። እጄን ዘረጋሁ።

"ይቁጠሩት ጋሼ።"

ቆጠርሁት። እፊቷ ቆሜ ሰባት ሺህ ብር ቆጠርሁ። ልክ ነው አልኋት። ቀለል ብሏት ሄደች።

ሐሙስን ከአምስቱ ሺህ ሦስቱን ከፍሎ ታጠበ። ከሰዓት በኋላ ልነግረው ሄድሁ፤ ደክሞት ተኝቷል ሲሉኝ እፎይ ብዬ ተመለስሁ። ዓርብ ሥራ በዛብኝ። ቅዳሜ ልጆቹ አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በልጆቹ ፊት እንዴት ይባላል? እሑድ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ ቤቱ ሞላ። ሰኞ በእጥበቱ ሰዓት ሚስቱ ደጇ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ለምን አልሄዳችሁም ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሁለት ሺህ ነው የቀራቸው፣ ሂሳቡን ዐውቀዋለሁ። ሐሙስም ቀረ።

ዓርብ ዐረፈ፣ ቅዳሜ ቀበርነው። ሰባቱ ሺህ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ያንኑ ኮት ለብሼ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርሁ።