የእትዬ ብርነሽ አምስት ኮከብ

ባለፈው ቅዳሜ፣ በምንኖርባት በጋሃና ከተማ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት ስንወጣ ስልኬ ጮኸ። "የቀጠሮ አፓችንን እንዴት አገኙት?" ይልና አምስት ባዶ ኮከብ ደርድሯል።

"ማሚ፣ ጀስት ፋይቭ ስጪያቸው!" አለች ልጄ ሃና፣ መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች።

እጄ እንቢ አለኝ።

እንዲህ ያለ አምስት ኮከብ መጠርጠር የጀመርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፖላሪስ በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤት በሙከራ ተቀጥሬ፣ ሰው አዲስ አፕ ሲጠቀም አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሚቸገርበትን እጽፋለሁ። የዚያ ሰሞን አፕ አረጋውያንን ቤታቸው ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞች መድኃኒት መስጠታቸውን የሚመዘግቡበት ነው። አፑ ሰኞ ሥራ ሊጀምር፣ ዓርብ የመጨረሻዋን ሞካሪ በመኪናዬ ወደ ቢሮ ይዤ መጣሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን እትዬ ብርነሽን። በሥራው ዓመታት የቆዩ ናቸው፤ አፑንም ከማታዋ ተረኛ ጋር ሥራ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሞክረውታል። በረዶው ቀልጦ ሀይዌዩ ጭቃ በጭቃ ነበር፤ መኪናዬ ግን በእሳቸው ዳቦ ቆሎ ታውዷል።

"ይከብዳል እንዴ፣ እትዬ?"

"ኧረ ምን ይከብዳል! ጥሩ ነው፣ ጌታ ይባርካቸው።"

ጣታቸው ግን ስክሪኑ ላይ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ይንከራተታል። ቅጹ ላይ አምስት ኮከብ ሞሉ። አለቃዬ ከቢሮው መስታወት ማዶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ልቤ አልተቀበለውም። እኛ ሰው የደከመበትን ፊት ለፊት አናጣጥልም፤ እኔ ራሴ ጨው የበዛበትን የጎረቤት ወጥ "ይጣፍጣል" እያልኩ በውኃ የጨረስኩ ነኝ። በልቤ አጭር ጸሎት አደረግሁና፣ "እትዬ፣ ነገ ሥራ የምጀምር ልጅ ነኝ እንበል። እስቲ ያሠልጥኑኝ" አልኳቸው።

ቀና አሉ። "አንቺን? በዚህ ባሳደግሽው ጥፍር!" ብለው ሳቁብኝ። "በይ ስሚ። 'ሰጥቻለሁ' የሚለውን አንዴ ብቻ ንኪው። መዘገብኩ አይልሽም፣ ዝም ነው። ተጠራጥረሽ ከደገምሽው ሁለቴ ሰጠች ብሎ ይጽፋል። የማታዋ ልጅ ያንን አይታ የማታውን ትተወዋለች፣ ሽማግሌው ያለ ልብ መድኃኒት አደሩ ማለት ነው! ረቡዕ እኔው ደግሜ ነክቼ፣ ቶሎ ባልደውልላት ኖሮ…"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

ከሹራባቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ በእርሳስ ሰዓት ተጽፎበታል። "እኔማ በዚህ ነው የምሠራው። እሱን ለወጉ ነው የምነካካው።"

ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ! ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ስሮጥ፣ "ኧረ አታሳጪኝ፣ ልጆቹ ደክመውበታል!" እያሉ ተከተሉኝ። አለቃዬ ሰምቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። አፑ ሰኞ መጀመሩ ቀረ። የተጨመረው አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ነበር፦ "ተመዝግቧል"፣ ከነሰዓቱ። እትዬ ሲያዩዋት አጨበጨቡ፤ "አሁን ገና አፍ አወጣ!"

ከዚያ ወዲህ ሰውን ወደድከው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ውዳሴው ከአፉ ነው፤ ችግሩን ግን እንደ እትዬ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ስልኩን ለሃና ሰጠኋት። "የሚመጣውን ወር ቀጠሮ ወደ ማክሰኞ አዙሪልኝ እስቲ፣ እያየሁሽ።"

ነካች። ጠበቀች። ደግማ ነካች።

"ዌት… ማሚ፣ ሁለት ቀጠሮ ያዘልሽ!"

ቀበቶዬን ፈታሁና፣ ያየሁትን ጽፌ ለሐኪም ቤቱ ልሰጥ፣ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ መፈለግ ጀመርኩ።